ክረምቱን ያላየ ጥናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቆላ ከተማ ሊያሠራው ላሰበው የውስጥ ለውስጥ መንገድ የተዘጋጀ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ፣ ማለትም ግንባታው በተፈጥሮና በሰው ላይ የሚያስከትለውን አስቀድሞ የሚመረምር ጥናት፣ እጄ ገባ። ወፍራም ነው፤ ሽፋኑ ያምራል፤ ማውጫው የጎደለው የለም። «የአካባቢው ዕፅዋት» የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ከግራርና ከቁልቋል በቀር ብዙም ዛፍ የማይታይባት ከተማ ሆና ሳለ ሰነዱ ስለ ጥድ፣ ስለ ኮሶና ስለ ወይራ ያትታል። ጥቂት ገጾች ወረድ ብዬ ሳነብ የሌላ ከተማ ስም ተቀምጦ አገኘሁ። ጸሐፊው የአንድ ደጋ ከተማ ጥናት ወስዶ ስሙን በየገጹ ሲለውጥ አንድ ቦታ አምልጦታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ማኅተም አርፏል። ሰነዱ ጸድቋል።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። የተናደድኩት በገልባጩ አይደለም። ያ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ የጻፈውን ማንም እንደማያነበው። እሱ በሚጽፍበት ሳምንት ዶዘሩ ቦታው ላይ ነበር። ተቋራጩ ቅድመ ክፍያውን ወስዷል፤ የመሠረት ድንጋዩም በጭብጨባ ታጅቦ ተቀምጧል። የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ የሚደርስ ጥናት ምን ሊል ይችላል? «እዚህ አይሠራ» አይልም፤ «በዚያኛው መስመር ይሁን» አይልም። የሚቀረው አቧራ እንዳይነሳ ውሃ ይረጭ፣ ሠራተኞች የራስ ቁር ያድርጉ፣ የተቆረጠ ዛፍ በሌላ ይተካ ማለት ነው። ይህን ለመጻፍ ደግሞ ቦታውን ማየት አያስፈልግም፤ ከደጋው መገልበጥ ይበቃል።

እኔ የመንገድና የውሃ መውረጃ መሐንዲስ እንጂ የአካባቢ ባለሙያ አይደለሁም። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዓመታት እነዚህን ሰነዶች እንደ ፋይል ማሟያ ከሚቆጥሩት ወገን ነበርኩ። «የአካባቢው ጥናት ደረሰ ወይ?» ብለን የምንጠይቀው የክፍያ ሰነድ ሲጎድልብን ነበር፤ ንድፍ ስንሠራ ግን ትዝ ብሎን አያውቅም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የራሴ ሰፈር ነው።

ከዓመታት በፊት በሰፈራችን አስፋልት ገባ። በጭቃ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ቡና እየፈላ፣ ቆሎ እየታደለ ነው መንገዱ የተመረቀው። ሆኖም መንገዱ ከነባሩ መሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለተሠራ በታች በኩል ያሉት ቤቶች ደጃፍ ከመንገዱ በታች ቀረ። የጎርፍ መውረጃው ቦይ በድንጋይ ጥሩ ሆኖ ተገንብቷል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አንድ ግቢ አጥር ሥር ሲደርስ ያበቃል። የፕሮጀክቱ ወሰን እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ቦዩም እዚያው አለቀ። የግቢው ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ይላቸዋል። ሰኔ በገባ ቁጥር አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ከበራቸው ፊት ያስደረድራሉ። አንድ ጊዜ እያገዝኳቸው ሳለ፣ «ልጄ፣ መንገዱን ለመኪናው ሠሩለት፤ ለውሃው ማን አሰበለት?» አሉኝ። መሐንዲስ መሆኔን ያውቃሉ። ማዳበሪያውን አንስቼ መደርደሬን ቀጠልኩ።

የእማማ ጥያቄ ግን አዲስ አይደለም፤ አገሪቱ በሕግ ከጠየቀችው ቆይታለች። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ መጀመር እንደሌለበት ይደነግጋል። የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ተደራሽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። የፕሮጀክት ባለቤት ሲልም የግል ባለሀብትን ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት አካልም በስሙ ተጠቅሷል። ከአዋጁ በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 92 የአካባቢ ደኅንነትን የሚነኩ ዕቅዶች ሲነደፉም ሆነ ሥራ ላይ ሲውሉ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። «ሲነደፉ» የሚለው ቃል በቀይ ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ የሕግ ድሃ አይደለንም። ሕጉን የሚያስፈጽመው ክንድ ግን አፈጣጠሩ የሚገርም ነው። አዋጁ ዋናውን መቆጣጠሪያ የሰቀለው በፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው። የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ፣ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ይሁንታ መገኘቱን ያረጋግጥ ይላል። ይህ ለቆዳ ፋብሪካ ወይም ለአበባ እርሻ ይሠራል፤ ባለቤቱ ያለ ፈቃድ መነገድ አይችልምና መጥቶ ይሰለፋል። ማዘጋጃ ቤት ግን መንገድ ሲሠራ፣ ቄራ ሲያቆም፣ ቆሻሻ መድፊያ ሲከፍት የማንን ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል? የማንንም። መሬቱ የራሱ ነው፤ በጀቱን ያጸደቀው የራሱ ምክር ቤት ነው። የአካባቢ ጽሕፈት ቤቱም ቢሆን ከመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ጋር በአንድ ኮሪደር የሚሠራና ለአንድ ከንቲባ ተጠሪ የሆነ ነው። እዚያ ተቀምጦ «ይህ ፕሮጀክት ይቁም» ብሎ መፈረም ያለበትን ወጣት ባለሙያ አስቡት። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ራሱ በአንድ ወቅት የመገምገም ሥልጣኑን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጥቶ እንደነበር ያስታወሰ፣ ነገሩ በከተማ ደረጃ ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸገርም።

ቅጣቱስ? አዋጁ ሲወጣ ያለ ፈቃድ ፕሮጀክት የጀመረ ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰት ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ጥቂት የገልባጭ መኪና ጎማዎች ይገዛ ይሆናል። ተቀጪው ማዘጋጃ ቤት ሲሆን ደግሞ ብሩ ከአንዱ የመንግሥት ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ የከፋው ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስለ እሱ ሲጻፍ አላየሁም። ጥናቱን የሚያበላሸው የበጀት ካላንደራችን ነው።

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። መስከረም በዓሉ፣ ስብሰባውና የዕቅድ ትውውቁ ይበላዋል። ጨረታ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይወጣል፤ ታኅሣሥ ላይ ውል ይፈረማል። «አካባቢው ጥናት አልተሠራለትም» የሚል ሰው የሚገኘው ያኔ ነው። አማካሪ ድርጅት በጥድፊያ ይቀጠራል፤ ባለሙያው ጥር ላይ ቦታውን ለማየት ይሄዳል። ጥር ደግሞ ምድሪቱ ምሥጢሯን ሁሉ የደበቀችበት ወር ነው። ሸለቆው ደርቋል፤ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል። ባለሙያው ፎቶ አንስቶ «በፕሮጀክቱ አካባቢ የገጸ ምድር ውሃ የለም» ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም፤ ባየው ዕለት አልነበረም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ግንባታ ነው። ሰኔ 30 በጀት ስለሚዘጋ ሥራው «መቶ በመቶ ተጠናቀቀ» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ከዚያ ሐምሌ ይመጣና ኳስ ሜዳው ወንዝ ይሆናል።

ክረምት በዚህ አገር የዓመቱ ትልቁ የአካባቢ ክስተት ነው። የሁለትና የሦስት ወሩ ዝናብ ነው መንገዱን፣ ቦዩን፣ ድልድዩንና መጸዳጃ ጉድጓዱን የሚፈርድባቸው። እኛ ግን ጥናቱን የምናስጠናው ዳኛው በሌለበት ወር ነው። አንድ ክረምት እንኳን ያላየ የከተማ መሠረተ ልማት ጥናት ጥናት ተብሎ መጠራት የለበትም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ካለማየት የከፋው ደግሞ የማየት ፈቃድ የሚሰጠው እስከ ከተማው ወሰን ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ድሬዳዋን አስታውሱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወጣና ከ250 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ። ያን ያህል ውሃ የመጣው ከበላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው፤ ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ነው። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ መልካም። ሆኖም የከተማ መንገድና ሰፈር ስንነድፍ ካርታችን አሁንም የሚያልቀው አስተዳደራዊ ወሰኑ ላይ ነው። ውሃው ወሰን አያነብም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያቆስለው ግን ሰንዳፋ ነው። ታሪኩን ብዙ ሰው በቁርጥራጭ ያውቀዋል፤ ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ግን ስለ ዕቅድ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሚሰጥ ምሳሌ በአገራችን የለም።

ቆሼ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መድፊያ የሆነው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው፤ ቀለበት መንገዱ አጠገቡ ደረሰ፤ ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ እየለቀሙ የሚኖሩ ቤተሰቦች በጥግ በጥጉ ጎጆ ቀለሱ። እየተቆለለ ተራራ ሆነ። መዘጋት እንዳለበት ለዓመታት ይታወቅ ነበር። በፈረንሳይ የልማት ገንዘብ ድጋፍ ቆሼን ለመዝጋትና ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ በኩል፣ በኦሮሚያ መሬት ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ለመገንባት ታቀደ። በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ አዲሱ ቦታ ሥራ ጀመረ፤ የከተማዋ ቆሻሻ ጉዞ ወደዚያ ሆነ።

ጥቂት ወራት ነው የቆየው። አካባቢው ያሉ ገበሬዎች ሽታውን፣ የውሃቸውን መበከልና የከብቶቻቸውን መታመም አንስተው አቤት አሉ፤ ቀጥለው መኪኖቹን አስቆሙ። ቦታው ክረምቱ ሳይወጣ ተዘጋ። የከተማዋ ቆሻሻ ተመልሶ ቆሼ ላይ መደፋት ጀመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ሰንዳፋ ባይዘጋ ኖሮ ክምሩ አይናድም ነበር ብዬ አልምልም። የግማሽ ምዕት ዓመት ክምር ነው፤ የጥቂት ወራት ጭነት ብቻ አልናደውም። ገበሬዎቹንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም እነሱ ቦታ ብሆን አስቆም ነበር። የምለው ሌላ ነው። አንድ ቆሻሻ ማስወገጃ ሲታቀድ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች የአፈሩ ዓይነት፣ የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቀት፣ ከቆሻሻው የሚወርደው ፍሳሽ የት እንደሚጠራቀም፣ ጋዙ እንዴት እንደሚወጣ ናቸው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ ይህ መሬት የማን ነው፣ ባለቤቱስ ከአራት ሚሊዮን ሰው ቤት የሚወጣ ቆሻሻ ደጁ ላይ ሲደፋ ለምን እሺ ይላል? ያን ጊዜ ይህ ጥያቄ ተራ አልነበረም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን የቀሰቀሰው ተቃውሞ አገር ያናወጠበትና ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰረዘበት ወቅት ነው። «ከተማዋ መሬታችንን እየበላች ነው» የሚል ቁጣ በነገሠበት ሰሞን የከተማዋ ቆሻሻ በመኪና ተጭኖ ወደ ገበሬው ማሳ ሄደ። ፍሳሹ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ከቆሻሻው ሥር የሚነጠፈው ፕላስቲክ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ይህን ቁጣ አያግድም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሲባል ብዙ ሰው ስለ ዛፍና ስለ ወፍ የሚወራ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ማኅበራዊውንም ያካትታል፤ አለበትም። በሰነዶቹ ውስጥ «ማኅበራዊ ተጽዕኖ» የምትለዋ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ተኩል ናት፤ «ፕሮጀክቱ የሥራ ዕድል ይፈጥራል» ብላ ትጀምርና «የአካባቢው ኅብረተሰብ ፕሮጀክቱን በደስታ ተቀብሎታል» ብላ ትጨርሳለች። ከኋላዋ የተሰብሳቢዎች ፊርማና አንድ ፎቶ ይያያዛል። እኔም እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሰዎች አዳራሽ ይጠራሉ፤ የቀበሌው ሰው ስለ ልማት አርባ ደቂቃ ይናገራል፤ አማካሪው ሃያ ስላይድ ያሳያል። መጨረሻ ላይ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልማት አንጠላም፣ ካሳችን ግን...» ሲሉ «ያ በሌላ መድረክ ይታያል» ይባላሉ። የውሎ አበሉ መፈረሚያ ወረቀት ይዞራል። ያች ፊርማ በኋላ የሕዝብ ይሁንታ ሆና ሰነድ ላይ ትገኛለች።

ሰነዱ በራሱ ደግሞ ለማን ነው የሚጻፈው? በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የሰንዳፋ ዓይነት ገበሬ በኦሮምኛ ያስባል፣ በኦሮምኛ ይከራከራል፤ ሦስት መቶ ገጽ የእንግሊዝኛ ጥራዝ «ለሕዝብ ተደራሽ ሆኗል» ቢባል ሳቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን እማማ የሚያነቡት ሁለት ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። ሁለት ገጽ ይበቃ ነበር፤ ምን ይሠራል፣ የት ያልፋል፣ ውሃው ወዴት ይወርዳል፣ ቅር ያለው የት ያመልክት።

ከትልልቆቹ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ትንንሾቹ ፕሮጀክቶች መሆናቸውን ስናገር ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። አንድ ማሳያ ላቅርብ። አንድ ከተማ በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ የኮብልስቶን መንገዶች ይሠራል። እያንዳንዱ ጥቂት መቶ ሜትር ስለሆነ ሙሉ ጥናት አያስፈልገውም ተብሎ ያልፋል። በአምስት ዓመት መቶ መንገድ ይሆናል። ያኔ ዝናቡን ይመጠው የነበረው አፈር በድንጋይ ተሸፍኗል፤ ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ታች ሰፈር ይወርዳል። የመቶው ድምር ውጤት በማንም ሰነድ ላይ የለም፤ ምክንያቱም «ድምር» የሚባል ፕሮጀክት በጨረታ ወጥቶ አያውቅም። ድንጋዩ የተፈነቀለበት ጉድጓድስ? ከከተማ ወጣ ብሎ ሳይሞላ ተትቷል፤ በክረምት ውሃ ይሞላል፤ የሚዋኙበት ልጆች ናቸው። የዋና መንገድ ጥናት ቢያንስ አንድ ሰው ያየዋል፤ የትንንሾቹን ድምር የሚያይ ዓይን ግን የለም። አዋጁ ይህን የረሳ አይደለም፤ ፖሊሲና ፕሮግራም ጭምር ሊገመገሙ እንደሚችሉ ያመለክታል። ማለትም መገምገም ያለበት ሃያኛው መንገድ ሳይሆን ሃያዎቹን የወለደው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ነው።

«ጥናት ልማትን ያጓትታል» የሚለው ክርክር አለ፤ ከብዙ ኃላፊዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። የሰለጠነ ገምጋሚ ጥቂት ነው፤ ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ወራት ሲያንቀላፋ አይቻለሁ፤ «ይስተካከል» የሚል ደብዳቤ ይዞ የሚመላለስ አማካሪ ሲያማርርም ሰምቻለሁ። ይሁንና አዋጁ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን መርምሮ ውሳኔ እንዲሰጥ የቆረጠለት ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ማለት ነው። ከመሠረት ድንጋይ ሥነ ሥርዓት ዝግጅት ያነሰ ጊዜ ነው። መጓተት ካለ የመጣው ከግምገማው ሳይሆን ግምገማው ዘግይቶ ስለሚጠራ ነው። በጥድፊያ የተሠራው ሰንዳፋ ስንት ዓመት ቆጠበ? ተገንብቶ የማይሠራ ቦታ ከዘገየ ቦታ ይሻላል ወይ? የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ትዝ ይለኛል፤ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኮራን፤ በምድር የሚሄድበት ክፍል ሰፈርን ከሰፈር እንደ አጥር ለይቶ፣ መሻገሪያ ፍለጋ አሮጊቶች ብዙ ሲጓዙ ስናይ ግን ይህን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው አልነበረም ወይ አልን። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልጨምር። በዓለም ባንክ ገንዘብ ይደገፍ በነበረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ውስጥ፣ በ44 ከተሞች የነበረው ሽፋን ኋላ ወደ 117 አድጓል። በእነዚህ ከተሞች እያንዳንዱ ፕሮጀክት አካባቢያዊና ማኅበራዊ ማጣሪያ እንዲያልፍ ይጠየቅ ነበር፤ ለዚህ የተመደበ ባለሙያም በየከተማው ነበር። ፍጹም ነበር አልልም፤ ገልባጮቹ እዚያም ነበሩ። ግን ቢያንስ ጥያቄው ይጠየቅ ነበር፤ ካልተጠየቀ ገንዘቡ አይለቀቅም ነበርና። ያው ከተማ በራሱ በጀት መንገድ ሲሠራ ጥያቄው ይጠፋል። ለአበዳሪ የምንታዘዘውን ያህል ለራሳችን አዋጅ አንታዘዝም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ትምህርቱ ግን ከዚያው ይወጣል፤ የሚሠራው የገንዘብ ቁልፍ ነው። ማዘጋጃ ቤት የንግድ ፈቃድ ባይፈልግም በጀት ይፈልጋል። እንግዲያው መቆጣጠሪያው ከፈቃድ ሰጪው ወደ ፋይናንስ ቢሮው ይዛወር። የካፒታል ፕሮጀክት የጸደቀ የአካባቢ ጥናት ሳይያያዝበት ወደ በጀት ሰነድ አይግባ፤ ገብቶ ቢገኝ ምክር ቤቱ ይመልሰው። ይህ ከሆነ ጥናቱ ካለፈው ዓመት ይጀመራል ማለት ነው፤ ካለፈው ዓመት ከተጀመረ ደግሞ መሃሉ ላይ አንድ ክረምት ያገኛል። ባለሙያው ጥር ላይ ያያትን ሸለቆ ነሐሴ ላይ ጃንጥላ ይዞ ይያት። ሁለት ቦታ ወይም ሁለት መስመር ያላነጻጸረ ጥናት አይቀበሉት፤ «አማራጭ» የሚለው ርዕስ ሥር «ፕሮጀክቱን አለመሥራት ልማትን ይጎዳል» ብሎ የሚያልፈውን ዓረፍተ ነገር እኔ በልጅነቴ ከማውቀው ጸሎት ይልቅ በቃሌ ይዤዋለሁ። የአማካሪውን ክፍያም የፕሮጀክቱ ባለቤት በእጁ አይክፈል። ከተከሳሹ ቤት የሚበላን ምስክር ምን እንበለው? ክፍያው ከየፕሮጀክቱ ተሰብስቦ በአካባቢ መሥሪያ ቤቱ በኩል የሚከፈል ቢሆን ገልባጩም ደጋግሞ ያስባል፤ ለባለቤቱ ያልጣመ ጥናት የጻፈ አማካሪም ሥራ አያጣም።

የኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዳርሷል። ፍጥነቱን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ የፈረሰበትን ቤት የሚያስብም ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ ወደዚያ ክርክር አልገባም፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ግን ሌሊት በመብራት የሚሠራ ሥራ ሁሉ ቀን በብርሃን የሚነበብ ሰነድ ቢኖረው ምን ይጎዳው ነበር?

የእኛ ሰፈር ቦይ በዘንድሮ በጀት «ይራዘማል» ተብሎ ሰምቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች መለኪያ መሣሪያ ይዘው መጥተው ነበር። ወረድ ብዬ «ወዴት ነው የሚወጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ እጁን ዘርግቶ ወደ ታች አሳየኝ፤ ከእማማ ግቢ ቀጥሎ ወዳለው የሌላ ሰው አጥር።